ጀርባዋ ያልተሰበረ ዛጎል

እናቴ ዛጎሎቹን ስታወልቅ አላየሁም። መንገድ ተዘግቶ ሞጣ ቀርቼ ነበር። መንገዱ ተከፍቶ ቢቸና ስደርስ እህቴ ወልዳ፣ ቤቱ አጥሚት አጥሚት ይሸታል። አንቀልባው እንደ ወትሮው ከጓዳው በር ጀርባ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የእኛ አልመሰለኝም። ጠርዙን ተከትሎ የሚዞረው ነጭ ሰልፍ የለም። በቦታው ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል፤ ከአንዳንዱ ቀዳዳ የተበጠሰ ቀይ ክር ብቅ ብሏል። ቆዳው በቅቤና በላብ ጠቁሮ፣ ዛጎል ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ሁሉ ፈዞ ቀርቷል። ጥርሱ የረገፈ ድድ ይመስላል።

«እማዬ፣ ይህን ነገር ምን በላው?» አልኩ።

እናቴ አጥሚቱን እያማሰለች ነበር። ቀና አላለችም። «አወለቅሁት።»

«ምኑን?»

«ዛጎሉን ነዋ። ዓይን የለሽም እንዴ?»

«ለምን?»

«ገና ከደጅ መግባትሽ ነው። መጀመሪያ እህትሽን እንኳን ማርያም ማረችሽ በያት።»

እህቴን እንኳን ማርያም ማረችሽ አልኳት። ታላቄ ናት፤ የበኩር ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት መምጣቷ ወግ ነው። ሕፃኗ ከጎኗ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ግንባሯ ላይ የተጣላ ሰው መጨማደድ አለ። ወደድኳት። ከራስጌዋ ቢላዋ ተቀምጧል። ከቢላዋው አጠገብ መኖር የነበረባት ዛጎል ግን የለችም። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ።

በእኛ ቤት እንዲህ ነበር። ልጅ ሲወለድ አንዲት ዛጎል ትዘጋጅለታለች። አራሷ ራስጌ፣ ከቢላዋው ጋር፣ እንዳለች ትቀመጣለች። የሕፃኑ አንገት ጠንቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚታዘልበት ቀን እናቱ ዛጎሏን ድንጋይ ላይ ትሞርዳታለች። ጀርባዋ ተፈቅፍቆ ይወድቃል፤ መርፌ የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ ይወጣላታል፤ ከዚያ በቀይ ክር አንቀልባው ጠርዝ ላይ ትሰፋለች። ልጁ ታዘለ ማለት ይኸው ነው። የአያቴ ልጆች እዚያ ላይ አሉ፤ የእናቴም አሉ። የእኛ ቤት ፎቶ የሚባል ነገር የገባው በእኔ ስልክ ነው። ከዚያ በፊት ማን ተወልዶ ማን እንደ ታዘለ የሚታወቀው በዚያ ሰልፍ ነበር።

ከሁሉም መካከል አንዷ ትለያለች። ሌሎቹ ዝርግ ሆነው ቆዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ እሷ ብቻ ጉብ ያለች ናት። ጀርባዋ አልተሞረደም። በአንድ ጫፏ በወስፌ ትንሽ ቀዳዳ ተበስታ በጥቁር ክር ታስራለች፤ ማንገቻው ከጠርዙ በሚገናኝበት ማዕዘን፣ የታዘለ ልጅ እጅ በሚደርስበት ላይ ትንጠለጠላለች። ልጅ ሆኜ ከበሩ ጀርባ ቆሜ፣ ጀርባዋን በአውራ ጣቴ እያሸሁ፣ ቤት የሚመታና የማይመታ ግጥም ለራሴ አወራ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ የቅኔ ተማሪዎች ከአጥር ወዲያ ሲያዜሙ እሰማለሁ፣ ቃሉ ባይገባኝም አወራረዱ ይገባኛል፣ ያንኑ በአማርኛ እሞክረዋለሁ። አውራ ጣቴ እዚያ ልስላሴ ላይ ካልሆነ ቃል አይመጣልኝም ነበር።

የማን እንደ ሆነች ያወቅሁት አድጌ ነው። ከእህቴ በኋላ፣ ከእኔ በፊት የተወለደ ወንድም ነበረኝ። አንገቱ ሳይጠና ሞተ። ያልታዘለ ልጅ ዛጎሉ አይሞረድም፤ እናቴም እንዳለች አሰረቻት። መቃብሩ ላይ ድንጋይ የለም፤ የሕፃን መቃብር በየክረምቱ ሣር ይውጠዋል። የእሱ ነገር በዓለም ላይ ያቺ አንዲት ዛጎል ነበረች።

«ጉቧስ?» አልኳት እናቴን።

ማማሰያውን አስቀመጠች። «ሁሉንም አልኩሽ እኮ።»

ጮህኩ። ምን እንዳልኩ ሁሉን አላስታውሰውም፤ ሕፃኗ ነቅታ ማልቀሷን ግን አስታውሳለሁ። እናቴ እንስራዋን አንሥታ ወጣች። ውኃ ልትቀዳ አልነበረም፤ በርሜሉ ሙሉ ነበር።

ነገሩን የነገረችኝ እህቴ ናት። «አትቆጫት፤ ለእኔ ብላ ነው» አለች። እርግዝናዋ ወደ መጨረሻው ሲደርስ እግሯ አብጦ፣ ራሷን እየፈለጣት፣ ዓይኗ ብዥ ይልባት ነበር። በዚያ ሰሞን ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ሰባኪ ጉባኤ ዘርግቶ ነበር። ሞንታርቦው ገበያው ድረስ ይሰማል። ዛጎል የሰይጣን ዓይን ነው አለ። ጠንቋይ የሚጥለው እሱን ነው፣ ዛር የሚያጌጠው በእሱ ነው፣ ቤታችሁ ሰቅላችሁት ለምን ልጄ ታመመ ትላላችሁ? ቀጥሎም ዛጎል በተሰቀለበት ቤት ነፍሰ ጡር በሰላም አትፈታም አለ። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ወጣች። ቤቷ መጥታ ምላጭ አነሣች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሆስፒታል ገባሁ። መርፌ ወጉኝ፤ ወለድኩ።»

እናቴ ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኋት። ንዴቴ አልበረደም ነበር። «ሆስፒታል ያዳናትን ምላጭ አዳናት ትያለሽ?» አልኳት።

እንስራውን ባዶውን አስቀመጠችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«የሞተው ከእንግዲህ አይሞትም። ይቺ ግን ልትሞት ትችል ነበር። አንች ብትሆኝ የትኛውን ትተይ ነበር?»

እናቴ ላይ የምወረውረው ነገር ሁሉ እጄ ላይ ቀረ፤ የቀረኝ ያ ሰባኪ ብቻ ሆነ። አንዲት እናት የሞተ ልጇን በሚወለደው እንድትለውጥ በሞንታርቦ የነገራት ሰው፣ ያን ቀን ማታ የት እራት በልቶ ተኝቷል? በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም ብላኛለች እህቴ። የነፍስ አባታችን አሮጌ ቄስ ናቸው፤ ከእኛ ቤት ስንቱን አንቀልባ ላይ እንዳለ መስቀል አሳልመዋል። እናቴ ዘግይታ ስትጠይቃቸው «ዛጎል ምን አደረገ ልጄ? እኔንስ በምን አዝለው ያሳደጉኝ ይመስልሻል?» ብለዋት ነበር። ግን የእሳቸው ድምፅ ከጓዳ አያልፍም። ሞንታርቦ የላቸውም።

ዛጎሎቹ የት ሄዱ የሚለው ደግሞ ለብቻው የሚያስቅ ነው፤ ያኔ ግን አልሳቅሁም።

ሴቶቹ ያወለቁትን ሁሉ አምጥተው ሰባኪው እግር ሥር አፈሰሱ። እሱም ከማስወገዳችሁ በፊት ርኩስ መንፈሱ ይልቀቀው ብሎ ጸበል ረጨበት። በዚያው ጉዱ መጣ። በማግሥቱ ሴቶቹ ለመጣል ሲሰበሰቡ አንዷ «ጸበል የነካው እንዴት መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ይጣላል?» አለች። እውነት ነው፤ አይጣልም። እሳት ውስጥ ይግባ ተባለ፤ ጸበል ያረፈበትን ማቃጠል ማን ይድፈር? ወንዝ ይጣል ተባለ፤ ከብት ይጠጣዋል፣ ሰይጣኑ ያልለቀቀ እንደሆነስ? ቤት ይመለስ ተባለ፤ ማንም እጁን አልዘረጋም። ልጥለው ቢሉ ተቀደሰ፣ ላስቀምጠው ቢሉ ረከሰ። ጆንያው ከአንዷ አጥር ወደ ሌላዋ አጥር ሲዞር ሰነበተ። በመጨረሻ ጎረቤታችን፣ ሞጣ ድረስ እህል የምታመላልሰው ሴት፣ መላ አገኘች።

«መንገድ እንደ ተከፈተ ሞጣ ላንድ እስላም ነጋዴ ሰጠሁት» አለችኝ ስጠይቃት፤ ትንሽም አላፈረችም። «እነሱ ዘንድ ጸበሉም አይሠራ፣ ሰይጣኑም አይሠራ። ተገላገልን።»

«እትዬ፣ የማንን ዛጎል ነው የሰጡት?»

«የሁላችንን። ምነው ተቆጣሽ? ከሰይጣን ጋር ዝምድና አለሽ እንዴ?»

ሰዎች ሳቁ። እኔም ሳልሰናበታቸው ሄድኩ።

ሞጣ የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ኔትወርክ በሚጠፋበት ሰሞን ደግሞ ለሰው ሁሉ ዘፈንና መዝሙር በሚሞሪ ካርድ እጭናለሁ። ነጋዴውን ለማግኘት ሩቅ አልሄድኩም፤ ከገበያው ጥግ ጨው፣ ገመድ፣ ክርና መርፌ የሚሸጡ ሐጂ ናቸው። ጆንያው በራቸውን ነፋስ እንዳይዘጋው ተደግፎ ቆሟል። ጸበል የነካው፣ ሰይጣን ያልለቀቀው፣ የወንድሜ ጎረቤቶች ሁሉ ያሉበት ጆንያ በር ይይዛል።

«ሐጂ፣ ይህን ጆንያ ይሸጡልኛል?»

«መሸጥ?» አሉና መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ። «ልጄ፣ ብትወስጅው እኔ ነኝ የምመርቅሽ። ያቺ ሴትዮ ወርውራብኝ ሄደች። የእኛም ወጣት ኡስታዝ መጥቶ ሲያየው ዛጎል ማንጠልጠል ሽርክ ነው፣ በአላህ ላይ ማጋራት ነው አለኝ። አላንጠለጠልኩም፣ መሬት ነው ያስቀመጥኩት አልኩት።» ሳቁ። «የእናንተም የእኛም ልጆች አንድ አስተማሪ ዘንድ የተማሩ ይመስለኛል።»

«ድሮ ይሸጡ ነበር?»

«አባቴ። በሲኒ እየሰፈረ። ከእናንተ አገር ሴቶች ሲመጡ አንዷን ዛጎል ለመምረጥ ሲኒውን ሙሉ ይዘረግፉታል። እኔ ለቅሜ መመለስ ነበር ሥራዬ። ይህን ጊዜ አባቴ የባሕር ፍሬ ነው፣ ባሕር ውስጥ ዛፍ ላይ ነው የሚያፈራው ይለኝ ነበር። እስከ ዛሬ አምነዋለሁ። ውሸት ነው?»

«አላውቅም» አልኩ። እውነትም አላውቅም ነበር። እድሜ ልኬን አውራ ጣቴን ሳሽበት የኖርኩት ነገር ድንጋይ ይሁን አጥንት፣ ጥርስ ይሁን ፍሬ፣ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ጆንያውን ኮፒ ቤቱ ወለል ላይ ዘረገፍኩት። ሁሉም ዝርግ ነበር። አንድ በአንድ አገላበጥኩ፤ ቀይ ክር የቀረበት፣ ሰማያዊ ክር የቀረበት፣ ቅቤ ያጠቆረው፣ ጥርሱ የተሸረፈ። ጉብ ያለች አንዲት እንኳን የለችም። እንደገና ፈለግሁ፤ ጆንያውን ገልብጬ ስፌቱ ውስጥ ሳይቀር ዳሰስኩ። የለችም።

በዚያው ሳምንት ኔትወርክ ብቅ ሲል ዛጎል ምን እንደ ሆነ ፈለግሁ። ቀንድ አውጣ ነው። ሞቃት ባሕር ውስጥ፣ ድንጋይ ሥር የሚኖር ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ። ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ከዛጎሉ ሥር ከግራና ከቀኝ ጠቆር ያለ ሥጋ ይወጣል፣ ሽቅብ ይወጣና ጀርባው ላይ ይገናኛል፤ እንስሳው የገዛ ቤቱን በገዛ ሥጋው ይሸፍነዋል። የሚያበራው ለዚያ ነው። አሸዋ አይነካውም፣ ድንጋይ አይጭረውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ታቅፎት ይኖራል። ልጅ ሳለ እንደ ማንኛውም ቀንድ አውጣ ጠምዛዛ ነው አሉ፤ ሲያድግ ከንፈሩን ወደ ውስጥ ያጥፍና ያን ጠመዝማዛ ውስጡ ያስቀረዋል። ከወለሉ አንዱን አንሥቼ በተሞረደው ጀርባው አጮልቄ አየሁ። እውነት ነው። ውስጡ ጥምዝምዙ አለ።

ያን ቀን ነው ሌላው ነገር የገባኝ። ያ ጥርስ ጥርስ ያለበት ስንጥቅ፣ ሰባኪው ዓይን ያለው፣ እኛም ፊቱ ነው ብለን ወደ ሰው የምናዞረው፣ ፊቱ አይደለም። ሆዱ ነው። በዚያ በኩል ነው መሬት ይዞ የሚሄደው። መታየት የነበረበት ጀርባው ነው፤ እኛ ደግሞ ጀርባውን ሞርደን ጣልነው። እዚህ ደጋ ላይ የዛጎል ጀርባ ያየ ሰው ካለ፣ ያየው አራስ ራስጌ ላይ ነው፣ ልጁ እስኪታዘል ድረስ። ወይም የሞተ ልጅ ካለው።

የኮፒ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍኩ፦

ባሕር የወለደው፣ ደጋ ያሳደገው፣
ጀርባውን ሰብረን ነው፣ ዓይን አለው ያልነው።

አነበብኩትና ቀደድኩት። ግጥም መጻፍ የፈለግሁት አልነበረም። መጮህ ነበር የፈለግሁት።

ሁለት ቀን ሳይሞላ አንድ ደንበኛ ሚሞሪ ካርዱን ይዞ መጣ። «አዲስ ስብከት አለሽ? የዚያ የወጣቱን» አለ። ነበረኝ፤ ሌላ ሰው አምጥቶ ጭኖት ነበር። መጫኑን ለማረጋገጥ ከፈትኩት። ሰባኪው መድረክ ላይ ቆሟል፤ የማላውቀው አገር ነው፣ ከኋላው ባሕር ዛፍ ይታያል። ማይኩን በግራ እጁ ይዞ ቀኝ እጁን ከፍ አደረገ። በሁለት ጣቱ መካከል አንዲት ዛጎል ይዟል። ካሜራው ቀረበ። ጉብ ያለች ናት። ከጫፏ ጥቁር ክር ተንጠልጥሏል።

«እዩት!» ይላል። «እያያችሁ ነው! በየቤታችሁ ሲያያችሁ የኖረው ይህ ዓይን ነው!» ሕዝቡም ያጉረመርማል።

ደንበኛው «ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ።

ከሁሉ መርጦ እሷን ወስዷል። ስለምታምር ነው፤ ሙሉ ስለሆነች። የተሞረዱት ለማሳያ አይመቹም። ወንድሜን በየአገሩ ይዞት ይዞራል። አንድ ጊዜ እንኳን ያልታዘለ ልጅ በማያውቀው ሰው ኪስ ውስጥ አገር ያያል፣ ሰውዬው መድረክ ላይ ሲቆም ደግሞ ሰይጣን ነው ተብሎ ይነሣል። የሰውዬውን ሚሞሪ ካርድ ነቅዬ ሰጠሁትና ሱቁን ዘጋሁ። በማግሥቱ ጆንያዬን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ግንደወይን ላይ አንዲት ሴት «ምንድን ነው የሚንሿሿው፣ ባቄላ ነው?» አለችኝ። «ሰው ነው» አልኳት። ቦታ ቀየረች።

እናቴን በረንዳው ላይ አስቀምጬ መጀመሪያ ቀንድ አውጣውን አሳየኋት። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን አጥብባ አየች። ሥጋው ሽቅብ ወጥቶ ጀርባው ላይ ሲገጥም ትንፋሿን ሳበች።

«ነፍስ ነበረው እንዴ?»

«ነበረው።»

«ዛጎሉ ቤቱ ነው?»

«ቤቱ ነው። ራሱ ነው የሚሠራው።»

ደግማ አየችው። «አዝሎታል እኮ» አለች፤ ለእኔ አልነበረም።

ከዚያ ሰባኪውን አሳየኋት። እጁን ከፍ ሲያደርግ፣ ካሜራው ሲቀርብ፣ ጥቁሩ ክር ሲወዛወዝ፣ ፊቷ ላይ አንድም ነገር አልተለወጠም። ድምፁን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማች። እኔ ስናደድ እቃ እወረውራለሁ፣ አገር እሰድባለሁ። እናቴን ግን ስትናደድ አይቻት ስለማላውቅ እየተናደደች መሆኑን አላወቅሁም። ስልኩን መለሰችልኝና ጠየቀች።

«እዚህ መቼ ነው የሚመለሰው?»

«ለእሑድ ጉባኤ አለ ብለዋል» አለች እህቴ ከውስጥ።

«መርፌና ቀይ ክር አምጭልኝ።»

ከሰዓቱን ሙሉ ሰፋች። ከጆንያው እጇ የገባውን እያነሣች፣ የማን ይሁን የማን ሳትመርጥ፣ በድሮው ቀዳዳ ላይ እየሞላች ጠርዙን ዞረች። እህቴ ከመኝታዋ ሆና «እማዬ፣ የሰው ነው እኮ» ስትላት «የእኔም የሰው ሆኖ የለ» አለች። የማንገቻውን ማዕዘን ብቻ ባዶ ተወችው።

እሑድ ከሰዓት አራሷንና ሕፃኗን ለአንዲት ዘመዳችን ትተን ወጣን። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በላዩ ላይ አንቀልባውን እንደ ታዘለ ልጅ ጀርባዋ ላይ አሥራለች። ባዶ ነው። ዛጎሉ ሙሉ ነው። መንገድ ላይ ያገኘችን ያቺው ጎረቤታችን አፏን ይዛ ቀረች።

«አንች ሴትዮ፣ ማንን አዝለሽ ነው?»

«ገና ልቀበለው መሄዴ ነው» አለቻት እናቴ፤ አልቆመችም።

ጉባኤው ሜዳው ላይ ነበር። ሰባኪው ስለ ጾም ጀምሮ ስለ ሐሜት አልፎ፣ እንደጠበቅሁት ወደዚያው መጣ። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አወጣት። ከፍ አደረጋት።

እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ሴቶቹ አንቀልባውን አዩት፤ ሹክሹክታው ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። እሷ በመካከላቸው አልፋ መድረኩ ሥር ቆመች።

«እናታችን፣ ይቀመጡ። ጥያቄ በመጨረሻ ነው» አለ በማይኩ።

«ጥያቄ የለኝም። ልጄን ስጠኝ።»

ድምፅዋ ሞንታርቦ ውስጥ ስላልገባ ከኋላ ያሉት «ምን አለች?» ተባባሉ። ሰባኪው ሳቅ ሊል ሞከረ። «ምእመናን፣ እናታችን የሰይጣንን ዓይን ልጄ አሉት።»

«ዓይን አይደለም። ሆዱ ነው» አለች። «ዓይኑን አላየኸውም። ገልብጠውና ጀርባውን እይ። ከዚህ ሁሉ ሴት አንቀልባ ላይ ጀርባው ያልተሰበረ ሌላ አይተሃል?»

ሳያስበው ገለበጣት። አየሁት፤ አየ።

«ጀርባውን የምንሞርደው ልጁ ሲታዘል ነው። ይህን ግን አልሞረድኩትም። አንገቱ ሳይጠና ነው የቀበርኩት። አንተ ይህን ይዘህ ነው አገር ለአገር የምትዞረው።»

ይህን ለሴቶቹ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ብዙዎቹ ቤት እንዲህ ያለ ዛጎል ባይኖርም እንዲህ ያለ ልጅ አለ። ከኋላ አንዲት አሮጊት ሳል እያቋረጣት «ስጣት፣ ስጣት፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለች። ሰባኪው ማይኩን በእጁ ሸፈነ። ፊቱ ለአንድ አፍታ የልጅ ፊት ሆነ፤ ይቅርታ የሚል መሰለኝ፤ ቢል ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። አጎንብሶ እጇን እንዳይነካ ከላይ መዳፏ ላይ ጣላት። ቀና ሲል የድሮው ሰውዬ ሆኖ ነበር።

«ምእመናን» አለ፤ «እናታችን ከእስራት ትፈታ ዘንድ ጸልዩላት። አሜን በሉ።»

አሜን አሉ። ሁሉም። «ስጣት» ያለችውም አሮጊት፣ ጎረቤታችንም፣ እህቴን ደግፋ ሆስፒታል የወሰደቻት ሴትም። ልጇን የተቀበለች እናት በአሜናቸው መካከል አልፋ ወጣች። እኔ ዘወር ብዬ እንዳልሳደብ ነጠላዬን ነከስኩ። እናቴ ግን እጇን ጨብጣ፣ አንገቷን ሳትሰብር፣ ቤት እስክንደርስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች።

እቤት በጥቁር ክር በቦታዋ አሰረቻት። አልሞረደቻትም። የሕፃኗን አዲስ ዛጎል ደግሞ ከቢላዋው አጠገብ አኖረች። ከጆንያው ሳይሆን ሐጂ ከሱቃቸው ጥግ ፈልገው የሰጡኝ፣ ጀርባዋ ያለ፣ ከአባታቸው ሲኒ የተረፈች ናት። የባሕር ፍሬ አለመሆኗን ነግሬያቸው ነበር። «ሥጋ ነው ካልሽኝማ ይበልጥ ይገርማል» ነበር ያሉኝ።

አንገቷ ጠንቶ የመጀመሪያ ቀን ስትታዘል እኔም ቢቸና ነበርኩ። እናቴ ድንጋዩ ላይ ስትሞርድ ነጭ ዱቄት በነነ፤ የዛጎሏ ጀርባ ቅርፊት ሆኖ ወደቀ፤ አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት። እህቴ አዘለቻት። ሕፃኗ በግንባሯ ያ የጠብ መጨማደድ እንዳለ፣ እጇን አንከራትታ ማዕዘኑ ላይ ያለችውን ጉብ ያዘች፤ ከያዘችም አልለቀቀችም። እህቴ ልታስለቅቃት ብትሞክር ጮኸች። «ተያት፣ አጎቷን ነው የያዘችው» አለች እናቴ። እህቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናት፤ ከኋላዋ ሌሎች ሁለት ሴቶች አሉ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበዋል።

«ያ ጆንያ አልተጣለም ይባላል» አለች በበሩ ስንጥቅ። «እንደው የእኔን አይቼ ልሂድ ብዬ ነው። አልወስድም። ማየት ብቻ።»

«አሜን ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም?» አልኳት።

አንዷ እግሯን አንቀሳቀሰች። ከውስጥ እናቴ «ማን ነው?» አለች።

«ሰይጣን ፍለጋ የመጡ ናቸው።»

«ብልግናሽን ተይና ክፈችላቸው። ጆንያው አልጋው ሥር ነው፤ መብራቱንም አምጭላቸው።»

ከፈትኩላቸው። መብራቱንም አመጣሁ። እንደምን አመሻችሁ ግን አላልኳቸውም።